ወይን በሸማኔ ጉድጓድ

ግንቦት 4 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ አርባ ምንጭ

ይህን ደብተር የገዛሁት የወይን ጣዕም ልመዘግብበት ነበር። ዛሬ ግን ንዴቴን እዚህ ካልጻፍኩት ሰው ላይ ነው የምወጣው።

ጠዋት ስብሰባ ተጠራን። የሬስቶራንቱ ባለቤት አቶ ተክለጻድቅ ሐይቁ የሚታይበት በረንዳ ላይ ሰብስቦን፣ «ከሐምሌ አንድ ጀምሮ አውሮፓውያን በቡድን በቡድን ይመጣሉ። የወይን ዝርዝራችን ያሳፍራል። አዲስ የሰመር ሊስት እፈልጋለሁ። ስምንት የአውሮፓ ወይን፣ ከስምንት አይበልጥ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኢየሩስ፣ መቼም ምላስሽን እናምናለን» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

ምን እንዳሳቃቸው አውቃለሁ። ጴንጤዋ ወይን ቀማሽ መሆኗ ነው። ይሳቁ። ቀምሼ እተፋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀምስና ስተፋ ኖሬያለሁ፤ አንዲት ጠብታ በጉሮሮዬ አልወረደችም። የተበላሸ ጠርሙስ ለእንግዳ እንዳይቀርብ የማስቀረው እኔ፣ የሚሳቅብኝም እኔ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ «ተጠባባቂ የመጠጥ ክፍል ኃላፊ» ነኝ። ምኑን ነው የምጠባበቀው? ከስብሰባው በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ሊስቱ ከተሳካ የሹመት ደብዳቤሽን እፈርማለሁ፤ ሊስቱም ላይ ስምሽ ይወጣል» አለኝ። ለምን በሰው ፊት አላለውም?


ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ናሙናው ከአዲስ አበባ መጣ። ሃያ ዓይነት፣ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ጠርሙስ። የት አስገቡት? ቆርቆሮው መጋዘን! በስምንት ሰዓት እንቁላል የሚቀቅል ቤት ነው። ጮኽኩ። ንብረት ክፍሉ፣ «መጠጥ አይደል እንዴ? ሥጋ አይደለ አይሸት» አለኝ። ከየዓይነቱ አንድ አንዱን ነጥቄ ወጥ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩ። የቀረው እዚያው ይቀቀል።


ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ከሰዓት እንግዳ ስላልነበረ ከዋናዋ ምግብ አብሳይ ከወርቂቱ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጠን ቀመስን። ወርቂቱ የምዕራብ ዓባያ ሰው ናት፤ አሳ አጠባበሷን ለማየት ብቻ ከሐዋሳ የሚመጣ አለ። ጥብስ አሳ፣ ዳጣ፣ አንድ ሳህን ዱለት አሰናዳችልኝ። እኔ መትፊያ ጣሳዬን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

የስፔኑን ጥቁር ቀይ ከዳጣው ጋር ስንሞክረው ሁለታችንም አለቀስን። ቃሪያው ላይ ሌላ እሳት ጨመረበት። የጀርመኑ ሪዝሊንግ ግን ትንሽ ጣፋጭነት ስላለው ዳጣውን አበረደው። የፖርቱጋሉ ለጋ ነጭ ያልበሰለ የጨንቻ ፖም ሲነክሱት ያለውን ነገር አለው፤ ለአሳ ከዚህ የተሻለ የለም።

«ይሄ ደግሞ ጎምዛዛ ናት» አለች ወርቂቱ የፖርቱጋሉን ይዛ።

«ከአሳው ጋር ቅመሺው እስቲ።»

ቀመሰች። ከዚያ ብርጭቆዋን ጨለጠችውና፣ «አንቺስ ይሄን እንዴት አስችሎሽ ትተፊዋለሽ? ኃጢአቱ መትፋቱ ነው» አለች። ሳቅሁ። ሪዝሊንጉን ስቀምስ ትንሽ ወረደች። ትን እንዳይለኝ ነው።


ግንቦት 10፣ እሁድ

ከመዘምራን ጋር ከመቆሜ በፊት አፌን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ምንም የሚሸት ነገር የለም። አውቃለሁ። ግን ታጠብኩ።

ማታ አባዬ እንደ ወትሮው ከጨንቻ ደወለ። የእሁድ ስልኩ ቀርቶ አያውቅም። የሰበከውን ይነግረኛል፣ ያዘመረውን ይነግረኛል፣ ስንት ሰው እንደ ተኛ እንኳ ይነግረኛል። ሃያ ሦስት ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለው ሽመናውና ይህ አገልግሎቱ ብቻ ነው። ዛሬ የሰበከው ስለ ዋሹት ስለ ሐናንያና ስለ ሰጲራ ነው። ከዚህ ሁሉ መጽሐፍ እነሱን መምረጥ ምን ይባላል?

አባዬ የሚያውቀው ምግብ ክፍል እንደምሠራ ነው። ውሸት አይደለም። ወይን የሚቀርበው ከምግብ ጋር ነው።


ግንቦት 14፣ ሐሙስ

አማካሪ መጣብን! አበጋዝ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ፣ በአውሮፕላን፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ። አርባ ምንጭ ውስጥ ሻርፕ! አቶ ተክለጻድቅ፣ «ኢየሩስ ታግዝሃለች» ብሎ አስተዋወቀኝ። አግዛለሁ። እኔ።

ሳይቀምስ ዝርዝሩን አወጣ። ከስምንቱ ስድስቱ ከባድ ቀይ። ለምን? «ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው፤ እንግዳ ሞቅ የሚያደርገው ይፈልጋል» አለ። የአዲስ አበባን ብርድ በሻንጣው ይዞ መጥቷል። እዚህ ሐምሌ ላይ ሰው በካናቴራ ነው የሚውለው አልኩት። ፈገግ ብሎ፣ «እህቴ፣ ይሄ የልምድ ጉዳይ ነው» አለኝ። እህቴ! ቅጥል አልኩ።


ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ አሳየኋቸው።

ሁለት ብርጭቆ ሪዝሊንግ ቀድቼ አቶ ተክለጻድቅና አበጋዝ ፊት አስቀመጥኩ። አንዱ ቆርቆሮው መጋዘን አሥር ቀን ከቆየው፣ ሌላው ከፍሪጁ። አልነገርኳቸውም። አበጋዝ ሁለቱን ቀመሰና፣ «የመጀመሪያው ከርካሽ ቤት ነው፣ ሁለተኛው ጥሩ ነው» አለ። ጠርሙሶቹን አውጥቼ አጠገብ ላጠገብ አቆምኳቸው። አንድ ዓይነት ናቸው። አቶ ተክለጻድቅ አንዴ ጠርሙሶቹን አንዴ አበጋዝን አየ። አበጋዝ ሻርፑን አስተካከለ።

ከዚያ ወርቂቱ አሳና ዳጣ አመጣች። የኔን ስምንት በተራ አቀረብኩ፤ የፖርቱጋሉን፣ ሪዝሊንጉን፣ የኦስትሪያውን ነጭ፣ የግሪኩን፣ ሮዝ ቀለም ያለውን የፕሮቫንስ ሮዜ፣ ቀዝቅዞ የሚጠጣውን ቀይ ቦዦሌ፣ አንድ ቀላል የጣሊያን ቀይ፣ ለመክፈቻ ደግሞ ሲከፈት አረፋ የሚወጣውን ፕሮሴኮ። የአበጋዝን ከባድ ቀይ ከዳጣው ጋር የሞከረው አቶ ተክለጻድቅ እንባው እስኪመጣ ሳለ።

«በቃ፣ የኢየሩስ ይሁን» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ግን ማስቀመጫ ቀዝቃዛ ቦታ የለኝም። እሱን ካገኘሽ ሊስቱም ያንቺ፣ ደብዳቤውም ያንቺ።»

ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። ባጃጅ መሳፈር አላሰኘኝም።


ግንቦት 18፣ ሰኞ

መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀን። ጄኔሬተሩ ለአምፖልና ለሙዚቃ ብቻ ነው አሉ። ለሙዚቃ! ፍሪጁ ሞቋል። የታዘዘው አሥራ ሁለት ካርቶን ነገ ይገባል። ከተማው ውስጥ ያልጠየቅሁት ቤት የለም።

አንድ ቦታ አለ። አላስበውም።


ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

አሰብኩት።

ጨንቻ፣ አባዬ ቤት፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ሁለት ጉድጓድ አለ። አንዱ አባዬ እግሩን ሰዶ የሚሸምንበት ነው። ሌላው የአጎቴ ነበር፤ አጎቴ ወደ ሽሮ ሜዳ ከሄደ ወዲህ ባዶ ነው። ልጅ ሳለን በበጋ እንኳ እዚያ ስንገባ እግራችን ይደነዝዝ ነበር። ጨለማ፣ አፈር፣ ብርድ፣ ጸጥታ። አውሮፓውያን ለዚህ ነገር ምድር ቤት ይቆፍራሉ፤ እኛ ዘንድ ሸማኔ ቆፍሮታል።

ካርቶኖቹ ገቡ። አበጋዝ ጠርሙስ እየመዘዘ ፎቶ ሲያነሳ ዋለ። ሥራው ይሄ ነው።


ግንቦት 20፣ ረቡዕ ማታ

ወንድሜ ካሌብ አይሱዙ ነው የሚነዳው። ሙዝ ይዞ ይወጣል፣ ድንችና ፖም ይዞ ይወርዳል። ዛሬ ሙዝ ሳይሆን እኔን ጫነ። ካርቶኖቹ ላይ ያለውን የወይን ዘለላ ሥዕል አንድ በአንድ በፕላስተር ሸፍኜው ነበር። ካሌብ አየኝና፣ «እኔ ሹፌር ነኝ፣ የምጭነውን አልጠይቅም» አለ። የሚያናድድ ልጅ ነው፤ ከጠየቀ ይጠይቅ።

አባዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ጋቢውን ደርቦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«ምንድን ነው ልጄ?» አለ በጋሞኛ።

«የፈረንጅ ዘይት ነው አባዬ። የሆቴሉ። ሙቀት ያበላሸዋል። አጎቴ ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ይቆይልኝ።»

«ዘይት?» አለ። አንዱን ካርቶን አንስቶ ክብደቱን አየ፤ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቅነቅ አደረገው። ከዚያ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። «እሺ። አደራ ካልሽ እጠብቀዋለሁ።»

ሽመና ክፍሉ ውስጥ ያለቀ ጋቢ ታጥፎ ተደርድሯል። ካርቶኖቹን ጉድጓዱ ውስጥ በየተራ አወረድን። ክዳኑ በለቀቀ ካርቶን ውስጥ አንዱን ፕሮሴኮ ስነካው፣ ወርቃማው ወረቀት ስር ቡሹን አፍኖ የሚይዘው ሽቦ ላልቷል። አበጋዝ ለፎቶው ፈትቶት ወረቀቱን መልሶ ጠቅልሎበታል። ላጠብቀው አጎነበስኩ፤ ካሌብ ከውጭ ጥሩንባ ነፋ፤ ሊመሽ ነው፣ ቁልቁለቱ በጭጋግ ያስፈራል። ተውኩት።

ቢታወቅ ምን እንደሚመጣ ልጻፈው፤ አውቄ እንዳደረግሁት እንዳልረሳ። በሽማግሌ ቤት አስካሪ መጠጥ ከተገኘ ከሽምግልና ይነሳል፤ መድረክ ላይ አይወጣም፣ አይሰብክም፣ ሰው አያስታርቅም። በልጅነቴ አንድ ሰው ላይ ሲደረግ አይቻለሁ። ሰውየው ከዚያ በኋላ በገበያ መሃል አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሄደው።

ግን አይታወቅም። ለስድስት ሳምንት ነው። ሰው ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ምን ሊያይ ይገባል? አቶ ተክለጻድቅ ፍሪጅ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የሱ ስስት ነው ያመጣው።


ግንቦት 24፣ እሁድ

አባዬ ደወለ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሰበከ። «ዘይትሽ ደህና ነው» አለኝ። «ካርቶኑ ላይ ቀስት ተሥሏል፤ ወደ ቀስቱ አዙሬ አስተኝቼዋለሁ።» ምን ይሉታል ይሄን? ሳቅ መጣብኝ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ።


ሰኔ 2፣ ሰኞ

ትናንት አልደወለም።

እስከ አራት ሰዓት ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ቁጭ አልኩ። ደወልኩ፤ አያነሳም። ሰው አንድ ልጅ ሩቅ ሲኖረው አይደውልም? መልሶ አይደውልም? እኔ እዚህ ጥርሴን ነክሼ ስሠራ አንድ ስልክ ምን ይከብዳል?

በዚያ ላይ አበጋዝ የጠረጴዛ ጨርቅ ቀለም ላይ ሃሳብ ሲሰጥ ዋለ።


ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ካሌብ ለሙከራ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ጠርሙስ ከጨንቻ ይዞልኝ ወረደ። ከፈትናቸው። ወርቂቱ፣ «ይሄ ያ የድሮው ነው?» አለች። ያው ነው። ግን ሌላ ነው። ብርዱ አረጋግቶታል። የግሪኩ ነጭ አፍ ውስጥ ብዙ ቆየ። ዋጥኩት። አንዱን ብቻ፤ ኃላፊ የምትሆን ሰው እስከ መጨረሻው ማወቅ አለባት።

ከካሌብ ጋር ግን ተጣላን። ፕሮሴኮው አንድ ጠርሙስ ጎድሏል ብሎ ራሱ ነገረኝ። «ማን ጠጣው ታዲያ?» አልኩት።

«እኔ ልጠጣው?»

«እኔ ነኝ እንዴ ጨንቻ የምመላለሰው?»

አይሱዙው ላይ ተደገፈ። ከዚያ፣ «አባዬን እሁድ አየሁት» አለኝ። «ቤተ ክርስቲያን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።»

አባዬ ከፊት ነው የሚቀመጠው። ሃያ ሦስት ዓመት ከፊት ነው የተቀመጠው። ጉልበቱን አሞት ይሆናል፤ በር አጠገብ እግር መዘርጊያ አለ። ካሌብ ግን ነገር ማድበስበስ ይወዳል። ስለ ጠርሙሱ ስጠይቀው ስለ ወንበር የሚያወራ ሰው ምን ይባላል? ሂድልኝ አልኩት። ሄደ።


ሰኔ 9፣ ሰኞ

ትናንት ራሴ ደወልኩ፤ አነሳ።

«ምን ሰበክህ አባዬ?»

«ሌሎችም ይስበኩ እንጂ። ወጣቶች አሉ።»

«አሞሃል?»

«ደህና ነኝ። ሥራሽ እንዴት ነው? ሊያልቅ ነው?»

«በሐምሌ አንድ።»

«ጨርሺ» አለ። «አንዴ የጀመሩትን መጨረስ ነው።» እና ዘጋው። ጸሎት እንኳ አልጸለየልኝም። ሁልጊዜ ሳይጸልይልኝ አይዘጋም። እኔስ ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚያኮርፈኝ?

ይህን ዓረፍተ ነገር ላጠፋው ነበር። ይቆይ።


ሰኔ 13፣ ዓርብ

ስምንቱ ጸደቁ። የኔ ስምንት። አንድም አልተቀየረም። አበጋዝ፣ «ጽሑፉን እኔ አሳምረዋለሁ፣ ማተሚያ ቤቱንም አውቀዋለሁ» አለ። ስሜ የት እንደሚወጣ ጠየቅሁ። «ከታች፣ በጥሩ ፊደል» አለ። አቶ ተክለጻድቅ ራሱን ነቀነቀ። እጃቸውን ጨበጥኩ።


ሰኔ 18፣ ረቡዕ

አበጋዝ ዶርዜን ልጎበኝ ብሎ በካሌብ መኪና ወጣ። ካሜራውን ይዞ። የቀርቀሃ ቤት ፎቶ ያንሳ፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከፊቴ ዘወር ይበልልኝ።

ሥራ በዛ። ብርጭቆ፣ አስተናጋጆችን ማሠልጠን። ሁለቱ እስካሁን ሮዜ ምን እንደሆነ አያውቁም። ጮኽኩባቸው። አንዷ አለቀሰች። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ።


ሰኔ 27፣ ዓርብ

በንዴት ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ካልተነበበ አይነበብ።

ካርዱ ታትሞ መጣ። ሁለት መቶ። ወፍራም ወረቀት፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። አቶ ተክለጻድቅ በአንድ እጁ የሹመት ደብዳቤዬን፣ በሌላው ካርዱን ይዞ እየሳቀ መጣ። ደብዳቤው ተፈርሟል፤ «ተጠባባቂ» የሚለው ወጥቷል። ካርዱን ገለጥኩ። ስምንቱ ወይኖች በመልካም ፊደል። ከታች፣ «በአበጋዝ የተመረጠ»። ስሜ የለም። ገልብጬ አየሁ፤ ከጀርባው ፎቶ አለ።

አባዬ ነው። ሸማ ዕቃው ላይ ተቀምጦ፣ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ካሜራውን በትሕትና እያየ። ከስሩ፣ «ወይኖቻችን በጨንቻ ተራራ ላይ፣ በሸማኔው በአቶ እንድሪያስ ጉድጓድ ውስጥ በጥንቃቄ ይጠበቃሉ።»

የሆነ ነገር ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አበጋዝ ከመጥፎ ሕልም የነቃ ሰው ይመስል ዓይኑን እያርገበገበ፣ «እንግዳ ታሪክ ይወዳል፤ እኔ ያንቺን ስም አውጥቼ ቦታ ሠራሁለት» አለ። የኔን ስም አውጥቶ ለአባቴ ቦታ ሠራ!

«አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው» አልኩ። «ይሄ ካርድ ጨንቻ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ?»

አቶ ተክለጻድቅ፣ «እሳቸው እኮ እሺ ብለው ነው የተነሱት» አለ።

«ምን ተብለው?»

አበጋዝ ካርዶቹን ያስተካክል ጀመር።

«ታትሟል፤ ምን ይደረግ? አንቺም ሹመትሽን አግኝተሻል» አለ አቶ ተክለጻድቅ። ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ነገ ስትረጋጊ እንነጋገራለን።»

አልረጋጋሁም። ካርዶቹ ያሉበትን ካርቶን ተሸክሜ በፊት ለፊት በር ወጣሁ። ሌብነት ነው ካሉ ይክሰሱኝ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ።


ሰኔ 28፣ ቅዳሜ፣ ጨንቻ

ካሌብ በጠዋት አመጣኝ። መንገዱን ሙሉ ሰደብኩት፤ አበጋዝን ወደዚህ ያመጣህ አንተ፣ ጠርሙስ የጠጣህ አንተ። ግማሽ መንገድ ላይ መኪናውን ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ።

«አልጠጣሁም» አለ። «ፈንድቶ ነው። አባዬ እንዳትነግራት ብሎኝ ነው። ሥራዋን ትጨርስ ብሎኝ ነው።»

የቀረውን አባዬ ራሱ ነገረኝ። አይቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ፣ የሰፈሩ የጸሎት ቡድን እሱ ቤት ነበር። አሥራ አንድ ሰው። ተንበርክከው ሳሉ ከሽመና ክፍሉ ጧ! አለ። ከቡድኑ አንዱ ጋሽ ገነነ ጥይት መስሎት ወንበር ስር ገባ። ከዚያ ነጭ አረፋ በበሩ ስር እየተንፏቀቀ መጣ። ሽታው ቤቱን ሞላው።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«የማን ነው አሉኝ። ቤቱ የኔ ነው፣ በቤቴ ያለ የኔ ነው አልኳቸው።»

«ለምን የልጄ ነው አላልክም?»

«አደራ ብለሽ ሰጥተሽኛል። ዘይት ነው ያልሽኝ፤ ዘይት አለመሆኑን ካርቶኑን ሳነሳው አውቄዋለሁ። ዘይት እንዲህ አይንቦጫረቅም።» ጋቢውን ሰበሰበ። «ስትነግሪኝ እሰማለሁ ብዬ ጠበቅሁ።»

ጠበቀ። አንድ ወር። ጠርሙሱ በፈነዳ በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ከሽምግልና አነሱት። ከዚያ ጀምሮ በር አጠገብ ይቀመጣል። ሰው ሊያስታርቅ የሚጠራው የለም። የእሁድ ስልኩን የተወው የሚነግረኝ ስብከት ስላልነበረው ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ደብተር አኮረፈኝ ብዬ ጻፍኩ። ገጹ እዚሁ አለ፤ ላነበው አልፈልግም።

አበጋዝ ሲመጣ ደግሞ፣ «የሆቴሉ ሰው ነኝ፣ ልጅዎ ልካኝ ነው» ብሎት ነው። ልጄ ከላከችው ብሎ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠለት።

ካርዱን ሰጠሁት። መደበቅ ሰልችቶኛል። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አማርኛውን ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ገልብጦ ፎቶውን አየ፣ መልሶ ገለበጠው። የራሱ ስም ላይ ይቆማል ብዬ ነበር። አልቆመም።

«አበጋዝ ይሄ ፎቶ ያነሳኝ ነው?»

«አዎ።»

«እሱ ነው የመረጣቸው?»

«አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ስምንቱንም?»

«ስምንቱንም አባዬ።»

«ታዲያ ስምሽ የታለ?» አለ።

ይህን ሲል ነው የተቆጣው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ። ካርዱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ «ሰው ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ እንዴት ያጽፋል?» እያለ ተቆጣ። እሱ ያልጠጣውን፣ ያልገዛውን የኔ ነው ብሎ ሽምግልናውን ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው! ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እንባም ንዴትም ነበር። በራሴ ነው የተናደድኩት፤ ሌላ ሰው ላይ ማላከክ እስከ ዛሬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከካሌብ ጋር ካርቶኖቹን አውጥተን አይሱዙው ላይ ጫንን። አባዬም አብሮን ተሸከመ። «ቀስ፣ ይሰበራል» ይላል። እንዲተወው ለመንኩት፣ አልተወም።

አቶ ተክለጻድቅ አሥር ጊዜ ደውሏል። ይደውል።


ሰኔ 29፣ እሁድ፣ ጨንቻ

አባዬ ቤተ ክርስቲያን አትሂጂ አለኝ። «አርባ ምንጭ መዘምራን አለሽ፤ ከተናገርሽ ያስወጡሻል» አለ። ያስወጡኝ።

ከአባዬ ጎን፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ከስር ይገባል። እግር መዘርጊያ የለም። ጉልበቱን አሞት ይሆናል ብዬ የጻፍኩት ቦታ ይሄ ነው።

ማስታወቂያ ሲደርስ እጄን አነሳሁ። ጋሽ ገነነ አሁን በአባዬ ቦታ ከፊት ተቀምጧል፤ አየኝና ወደ ሌላ ዞረ። ሳይፈቀድልኝ ተነሳሁ። በጋሞኛ ነው የተናገርኩት፤ ለሁሉም እንዲገባ።

«ግንቦት ላይ አባቴ ቤት የፈነዳው ወይን የኔ ነው» አልኩ። «ዘይት ነው ብዬ ዋሽቼው ነው ያስቀመጥኩት። አደራ ስላልኩት ዝም አለ። እሱ ጠጥቶ አያውቅም። ወይን የምቀምሰው እኔ ነኝ፣ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው። ስምንት ዓይነት ነው፤ ስምንቱንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። እኔ ብቻ። ሌላ ማንም አልመረጠም።»

የመጨረሻውን ስናገር ጮኽኩ መሰለኝ። ከመዘምራኑ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባዬ ወለሉን ያያል። እጁ ግን ቀሚሴን ጫፉ ላይ ይዞ ነበር፣ ልጅ ሳለሁ ገበያ ውስጥ እንዳልጠፋ እንደሚይዘኝ።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። የአባዬን ነገር በሚቀጥለው ሐሙስ ስብሰባ እናየዋለን፣ የሷን ግን ዛሬውኑ በቃለ ጉባዔ እንይዘዋለን አሉ። ጸሐፊው ሰፊ መዝገቡን ይዞ ወደ በሩ መጣ። ከካሌብ ጋር አብሮ የተማረ ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቴ ያውቀኛል። እስክሪብቶውን ከፍቶ፣ ፊቴን ሳያይ፣ «ሙሉ ስም?» አለኝ።

ኢየሩስ እንድሪያስ አልኩት። በትክክል ጻፈው አልኩት። ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ከአጠገቡ አልራቅሁም።